ለእጅ የተሠራች እናት

ኒዎናታሊ ከማሸጊያዋ ስትወጣ ለዓይን የምትማርክ አይደለችም። የተጣጠፈች፣ የተጨማደደች የፕላስቲክ ሕፃን ናት። ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ሲሞላባት ግን ሌላ ትሆናለች። ክንድና እግሯ ይዝለፈለፋል፣ ጭንቅላቷ ካልተደገፈ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ሙቀቷ በጓንት አልፎ መዳፍ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሳት ተማሪ ሳያስበው አንድ እጁን ከማጅራቷ ሥር ይልካል። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም፤ ክብደቷ ነው ያዘዘው።

ይህችን ሕፃን የሚሠራው በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ የሚገኘው ላርዳል ግሎባል ሄልዝ ነው። የወጣችው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠናውን በጀመረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ነበር። ሠሪዎቿ ለመልኳ ብዙ አልተጨነቁም። የተጨነቁት ለልቅሶዋ፣ ለትንፋሿና ለእትብቷ ምት ነው። መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትናንሽ የጎማ ኳሶችን በእጇ ትይዛለች። አንዱን ስትጨምቅ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ሌላውን ስትጨምቅ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሦስተኛውን ስትጨምቅ እትብቷ በሁለት ጣት መሀል ይመታል። መምህርቷ እጇን ስታላላ ሁሉም ጸጥ ይላል። ተማሪው ሕፃኗን አድርቆ፣ ጀርባዋን አሽቶ፣ አሁንም ዝም ካለች አየር መንፊያውን አምቡ ባግ አንስቶ ጭምብሉን አፍና አፍንጫዋ ላይ መግጠም አለበት። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው።

የሥራው ጥራት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንገቷ በልኩ ካልቀና አየሩ አይገባም። ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከተለጠጠም አይገባም። ጭምብሉ በአንድ ጥግ ካፈሰሰ ተማሪው የቱንም ያህል ቢጨምቅ ደረቷ አይነሳም። ጣቱን አስተካክሎ፣ አገጯን በቀስታ ወደ ላይ ስቦ ሲገጥመው ግን ደረቷ ይነሳል። ማንም «ጎበዝ» ሳይለው መሥራቱን ያውቃል። አንድን መማሪያ ዕቃ ከዚህ በላይ የማመሰግንበት ነገር የለኝም። ለተማሪው የሚመልስለት ራሱ ዕቃው ነው፣ በዚያው ቅጽበት፣ ያለ ስድብ።

ይህች ዕቃ ከሁሉ በላይ የት እንደምታስፈልግ ለማየት ወደ ደቡብ ወሎ እንሂድ። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የደረሰ ሰው ደጋው ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል። ወግዲ ላይ ግን ደጋው ያልቃል። መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ከማዶ ጎጃም ይታያል። ከታች ከቆላው ቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዞ ዳገቱን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ነው ቀኗ የቀረበ ነፍሰ ጡር አስቀድማ መጥታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ በጤና ጣቢያው ግቢ የሚሠራው፤ ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ቤት። እናቲቱ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ የምታገኘው ግን በመጨረሻ አንዲት አዋላጅ ነርስን ነው፤ የአዋላጇንም ሁለት እጅ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ከመቶ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት አሥሩ ያህል ለመተንፈስ አንዳች እርዳታ ይሻሉ። ብዙዎቹ ሲደርቁና ሲታሹ ያለቅሳሉ። አምቡ ባግ የሚያስፈልጋቸው ከሦስት እስከ ስድስት ቢሆኑ ነው። በወር ሃያ እናት የምትወልድበት ጤና ጣቢያ ብንወስድ፣ ይህ በወር አንድ ሕፃን ማለት ነው። ሁለት አዋላጆች ተራ ከገቡ ደግሞ ለአንዷ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይደርሳታል፤ ያውም ሌሊት፣ ምናልባትም በባትሪ ብርሃን። ከወሊድ በኋላ ከባድ ደም መፍሰስ ከዚህም ይልቅ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው። ትልቅ ሆስፒታል የምትሠራ ባልደረባዋ በሳምንት የምታየውን የወግዲዋ አዋላጅ በዓመት ላታየው ትችላለች። በሚመጣበት ቀን ግን ከሁለቱም የሚጠበቀው እኩል ነው።

ስለዚህ በሞዴል መለማመድ፣ ሲሙሌሽን የሚሉት ትምህርት፣ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለገጠሩ ነው ብዬ አምናለሁ። የከተማ ሆስፒታሎች ጌጥ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይደለም።

ነገሩን ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዷም የገጠር ሴቶችን ስታስተምር የኖረች አዋላጅ ናት። አንጀሊክ ዱ ኩድሬ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1740 በፓሪስ የአዋላጅነት ፈቃድ አገኘች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኦቨርኝ ገጠር ሄደች። በዚያ የጠበቋት ተማሪዎች አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የገበሬ ሚስቶች ነበሩ። መጽሐፍ አዘጋጅታለች፣ ግን መጽሐፍ ብቻውን ለእነዚህ ሴቶች እንደማይበቃ ገብቷታል። መርፌና ክር አንስታ አንዲት እናት ሰፋች። «ማሽኑ» ብላ ጠራቻት። እ.ኤ.አ. በ1759 ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በመላ ፈረንሳይ እየዞረች እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት፤ ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከከተማ ከተማ እየተጓዘች አስተማረች። በእጇ ያለፉት ሴቶች ብዙ ሺህ ይሆናሉ፤ አምስት ሺህ ገደማ የሚለው ግምት የተለመደ ነው።

ከማሽኖቿ አንዱ ዛሬም ሩዋን ከተማ በሚገኘው የፍሎቤርና የሕክምና ታሪክ ሙዚየም አለ። የእናቲቱ ወገብና ጭን በጨርቅና በቆዳ ተሰፍቶ በጥጥ ተሞልቷል። በራጅ ሲታይ ውስጡ እውነተኛ የዳሌ አጥንት ተገኝቶበታል። የወሊድ መንገዱ በማሰሪያና በክር የሚሳብ ስለሆነ ይሰፋል፣ ይጠባል። ዱ ኩድሬ በኋላ ስፖንጅ ጨመረችበት፤ አንዱ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ አንዱ ቀይ የጠጣ፣ በሚፈለግበት ጊዜ ተጨምቆ እንዲፈስ። የሽርት ውሃውና ደሙ ማለት ነው። እንግዲህ ደም የሚያፈስ መማሪያ ሞዴል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሕፃኑ ነው። አፍንጫው ተሰፍቷል፣ ጆሮው ተሰፍቷል፣ ፀጉሩ በቀለም ተሥሏል። አፉ ግን ተከፍቶ ምላስ ገብቶበታል፤ ጣት ወደ ውስጥ ይገባል። ለምን ይመስላችኋል? ሕፃን በእግሩ ወይም በመቀመጫው ሲመጣ ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ ሊቀር ይችላል። አዋላጇ ያኔ ጣቷን ወደ ፊቱ ልካ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አዘንብላ ጭንቅላቱን ማውጣት አለባት። ያ እንቅስቃሴ በጨለማ፣ በውስጥ፣ በጣት ብቻ የሚሠራ ነው፤ በሥዕል አይማሩትም። ዱ ኩድሬ ለዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ስትል አፍ ሰፋች። ሙያ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሰፊዋ የትኛው ስፌት ነፍስ እንደሚያድን ታውቃለች፣ ሌላውን በቀለም ታልፈዋለች።

ከእርሷ በኋላ ከመጡትም መካከል አሻንጉሊት ሠሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረችው ሎደር ሰዘርላንድ፣ ነርሶቿ የሚለማመዱባት ሙሉ ሰው የምታህል አሻንጉሊት ማርታ ቼዝን አሠራች። ማርታ ቼዝ የታወቀች የልጆች አሻንጉሊት ሠሪ ነበረች። «ሚስስ ቼዝ» እየተባለች የተጠራችው አሻንጉሊት ከጥቂት ዓመት በኋላ መርፌ የሚወጋበት ክንድ ተሠራላት። አስሙንድ ላርዳልም የልጆች መጫወቻ አምራች ነበር፤ የአፍ ለአፍ ትንፋሽ የሚለማመዱባትን አን የተባለችውን አሻንጉሊት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በእኛም ገጠር ሴቶች ልጆች ከቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ይሰፋሉ። ይህን አስቡልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሞዴሉ ብቻውን ግን አያስተምርም። ለዚህ ምስክሩ ከእኛ ብዙም የማይርቅ፣ አኗኗሩም ከወግዲ ጋር የሚቀራረብ ቦታ ነው፤ በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር ያለው ሃይዶም ሆስፒታል። እዚያ አዋላጆች በኒዎናታሊ የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በልምምዱ ላይ ውጤታቸው አማረ። ወደ ማዋለጃ ክፍል ሲገቡ ግን በእውነተኞቹ ሕፃናት ላይ የሚሠሩት ነገር አልተለወጠም። ሆስፒታሉ ልምምዱን አሳጥሮ፣ ደጋግሞ፣ እዚያው በሥራ ቦታ ሲያደርገው ነው ለውጥ የታየው። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ከሺህ 11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። አሻንጉሊቷ ያችው ናት፤ ለውጥ ያመጣው አጠቃቀሟ ነው።

አጠቃቀሙ ደግሞ የመምህርቷ ሙያ ነው። እስቲ አንዲት ጎበዝ የነርስ መምህርት ማማናታሊን ስታስተምር በቅርብ እንያት።

ማማናታሊ የምትለበስ እናት ናት። መምህርቷ ሆዷ ላይ ትታጠቃታለች፣ ማሰሪያውን በትከሻዋና በወገቧ አዙራ ታስራለች፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተደግፋ ትጋደማለች። ሆድየው ውስጥ ሕፃኑ፣ የእንግዴ ልጁና የደሙ ከረጢት አሉ። ከዚህ በኋላ መምህርቷ ሁለት ሰው ትሆናለች። ከአንገቷ በላይ የምታምጥ ሴት ናት፤ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች፣ ወይ «ያረቢ!» ትላለች፣ የአገሩ ሴት እንደምትለው። ከአንገቷ በታች ደግሞ እጆቿ ከሞዴሉ ጀርባ ተደብቀው ይሠራሉ። የሕፃኑን ጭንቅላት አጎንብሳ ወደ መውጫው ትገፋለች፤ ተማሪዋ ካልደገፈችው ትይዘዋለች፣ በደንብ ከተቀበለችው ትለቀዋለች። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ የደሙን መክፈቻ በቀስታ ትከፍታለች። ማህፀኑ ጠንክሮ መኮማተር ሲገባው እንደ ላላ ትተወዋለች። ማሲንቆውን እየገዘገዘ በዓይኑ ታዳሚውን እያየ ግጥም እንደሚያወርድ አዝማሪ፣ እጇም አፏም ዓይኗም በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ናቸው።

ዓይኗ የሚያየው ተማሪዋን ነው። ልጂቱ ሕፃኑን ተቀብላ ስታደርቅ ልቧ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ደሙ ያለ ድምፅ ይወርዳል። መምህርቷ አታስታውሳትም፤ እናት በመሆኗ ብቻ «እቴ፣ ራሴን አዞረኝ» ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ተማሪዋ ይህን ሰምታ ከዞረች፣ እጇን ሆድየው ላይ ጭና ማህፀኑን ካሸች፣ መምህርቷ ከውስጥ ቀስ በቀስ ታጠነክረዋለች። ከመዳፏ ሥር የላላው ነገር ሲጠጥር ተማሪዋ ይሰማታል። ደሙም ይቀንሳል። ተማሪዋ ማሸቷን ቶሎ ካቆመች ማህፀኑ ተመልሶ ይላላል። ይህ ሁሉ ሲሆን በተማሪዋና በመምህርቷ መካከል የትምህርት ቃል አልተነገረም።

እዚያው አጠገብ ሌላ ተማሪ አማት ሆና ቆማለች። «ልጄን ምን አደረጋችኋት? ለምን አትነግሩኝም?» ትላለች። ይህ ለማሳቅ የገባ አይደለም። በእኛ አገር ምጥ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ደጅ የሚጠብቅ ዘመድ አለ፣ ዱዓ የምታደርግ ዱበርቲ አለች፣ ስለት የምትሳል እናት አለች። አዋላጇ እጇ ደም ውስጥ እያለ ለእነዚህ ሰዎች በአክብሮት መመለስ መቻል አለባት። «አብሽሪ እናቴ፣ ማህፀኗ እስኪጠነክር እያሸሁላት ነው፣ መድኃኒትም ሰጥቻታለሁ» ብላ ሳትጮህ የምትናገር ተማሪ ከእጇ ሙያ እኩል የሚመዘን ነገር ተምራለች። ፈተና ላይ ግን ለዚህ ነጥብ የሚሰጠው አልፎ አልፎ ነው።

መምህርቷ የምትሠራው ሌላም ልምምድ አለ፤ ሞዴል እንኳ አያስፈልገውም። ግማሽ ሊትር ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ፣ አንድ ትንሽ ሃይላንድ ሙሉ ማለት ነው፣ ተማሪዎቹ ሳያዩ በሦስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ ላይ ያንኑ ያህል፣ ታፈሳለች። አንዱን በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ፣ አንዱን በነጠላ ላይ፣ አንዱን በታጠፈ ጋቢ ላይ። ከዚያ ስንት እንደሆነ ገምቱ ትላቸዋለች። በፕላስቲኩ ላይ የፈሰሰው ክፍሉን የሞላው ይመስላል፤ ግምቱ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ጋቢው የጠጣው ግን ቆሻሻ ብቻ ይመስላል። በተለመደው መለኪያ ከወሊድ በኋላ ደም ፈሰሳት የሚባለው ከግማሽ ሊትር ጀምሮ ስለሆነ ሦስቱም አደጋ ናቸው። እናቶች በጋቢና በፎጣ ተጠቅልለው በሚመጡበት አገር ይህ ልምምድ ወርቅ ነው። ዓይን ደምን በልኩ እንደማይገምት ዓለምም ከተቀበለው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣውና ከአፍሪካ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው ጥናት፣ ደሙን ልኬት ባለው ፕላስቲክ ተቀብሎ ሕክምናውን ባንድነት ወዲያው መጀመር ከባዱን የደም መፍሰስ በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ልምምዱ ሲያልቅ መምህርቷ ሞዴሉን ፈትታ ታስቀምጣለች። ጓንቷን አውልቃ ከተማሪዎቹ ጋር እኩል ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዋናው ትምህርት የሚጀምረው አሁን ነው፤ ባለሙያዎቹ ዲብሪፊንግ ይሉታል። በእኛ የማስተማር ልማድ ስህተት ሲታይ መምህር ይቆጣል፣ ተማሪ አንገቱን ይደፋል። በክፍል መሀል ተሰድቦ የተማረ ነርስ ደግሞ ያንኑ ስድብ ለእናቲቱ ያወርሳታል፤ እናቶች ከጤና ተቋም እንዲሸሹ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው አንደበት ነው። በቦስተን የሕክምና ሲሙሌሽን ማዕከል ጄኒ ሩዶልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፉት መንገድ ሌላ ነው። መምህሩ ያየውን ይናገራል፣ ያሰጋውን አይደብቅም፣ ከዚያ ከልቡ ይጠይቃል። መነሻው እዚህ የተቀመጠ ሁሉ አስተዋይ ነው፣ ደህና ሊሠራ ይፈልጋል የሚል እምነት ነው።

በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይመጣል። «ሕፃኑ እንደወጣ ወደ በሩ ዞር ስትዪ አየሁሽ። ደሙ ገና እየወረደ ስለነበር ሰጋሁ። ያኔ ምን እያሰብሽ ነበር?» ትላለች መምህርቷ። ጥያቄው ወጥመድ ከሌለው ተማሪዋ እውነቱን ትናገራለች። «ሲስተር፣ ኦክሲቶሲኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፍሪጁ ያለው ክትባት ክፍል ነው። ማን እንደሚያመጣልኝ እያሰብኩ ነበር።» በዚህ መልስ ውስጥ ከተማሪዋ የሚበልጥ ነገር አለ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ሕፃኑ እንደተወለደ፣ ሌላ መንታ አለመኖሩ ሲረጋገጥ፣ 10 ዩኒት በጡንቻ መሰጠት አለበት። ፍሪጁ ከማዋለጃው ከራቀ መድኃኒቱ ምጡ ሲገፋ ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት። ተማሪዋ የዞረችው ስላላወቀች አልነበረም፤ ያጣችው አስቀድሞ የተዘጋጀ አሠራር ነው። የተቆጣች መምህርት ይህን አታገኘውም ነበር። የጠየቀችው አገኘችው፤ ከነገ ጀምሮ ተማሪዎቹ ሁሉ እናቲቱ አልጋ ላይ ከመውጣቷ በፊት መድኃኒቱ የት እንዳለ ይጠይቃሉ።

ሞዴል በሌለበት አንዲትን እናት የመጀመሪያ መለማመጃ ማድረግ በእኛ አገር የቆየ ነገር ነው። አማራጭ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ላይ ነርስነት ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃ፣ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በ1934 ዓ.ም. ክረምት ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነቷ ሞተች። በስሟ በተሠራው ሆስፒታል፣ በዛሬው ጦር ኃይሎች፣ የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ የተጠሩት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. መጡ። እዚያው ሆስፒታል በፊስቱላ ታማ የገባችው ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳትቆጥር፣ በማየትና በመርዳት ብቻ ተምራ ቀዶ ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ሸለማት። እጅ ምን ያህል ሊማር እንደሚችል ከማሚቱ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። እርሷ ግን ከታላላቅ ሐኪሞች አጠገብ ለዓመታት የመቆም ዕድል ነበራት። በየዓመቱ ከኮሌጅ ለሚወጡት አዋላጆች ያንን ዕድል የሚሰጣቸው የለም። የመለማመጃው ክፍል መተካት ያለበት ያንን ነው።

በዚህ በኩል አገሪቱ ባዶ አይደለችም። ጃፓይጎ የተባለው ድርጅት የመራው የጤና የሰው ኃይል ማጠናከሪያ ፕሮጀክት በዩኒቨርሲቲዎችና በክልል የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ስኪል ላብ የሚባሉ የመለማመጃ ክፍሎችን አደራጅቷል። የሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ፈተና የተፈተነ ነርስ ብዙውን ጊዜ ሞዴል ላይ ሠርቶ ያውቃል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶችም በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ከነበሩበት በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። እናት ወደ ጤና ጣቢያ መምጣቷ አንድ ነገር ነው፤ ስትደርስ የምታገኘው እጅ ደግሞ ሌላ።

የሚያሳዝነኝ ሞዴሎቹ የሚያርፉበት ቦታ ነው። በብዙ ተቋም ሞዴል ንብረት ነው። በንብረት ቁጥር ተመዝግቦ፣ በቁምሳጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ያ ሰው ስብሰባ ከሄደ ልምምድ የለም። እንዳይበላሽ በሚል ፕላስቲኩ እንኳ ያልተነሳለት ሞዴል አለ። እንዲህ ሆኖ አሥር ዓመት ከሚቆይ በሁለት ዓመት ውስጥ ተለምዶበት ቢያልቅ ይሻላል። የጠባቂውን ፍርሃት እረዳለሁ፤ ከጎደለ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ መቀየር ያለበት ሰውየውን የሚጠይቀው ደንብ ነው፤ በልምምድ ያረጀ ሞዴል እንደ ጠፋ ንብረት መቆጠር የለበትም።

ውድ ስለሆነ ነው የሚል ካለ ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። ሱዛና ኮኸን የተባለች አሜሪካዊት አዋላጅ ነርስና መምህርት ከባልደረቦቿ ጋር ሜክሲኮ ውስጥ የጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን፣ የቀዶ ሕክምና ሱሪ ቀድዳና ሰፍታ እናት አደረገችው። ፓርቶፓንትስ ይባላል። ሱሪውን የለበሰች ሰው ታምጣለች፣ አሻንጉሊቱ በተሰፋው ቀዳዳ ይወጣል፣ ደሙም ይፈሳል። ከዱ ኩድሬ መርፌ ብዙ የራቀ አይደለም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰው ባና የሚሸምን፣ ቆዳ አልፍቶ አገልግል የሚለብጥ፣ የልብስ ስፌት መኪና በየገበያው የሚዘውር ነው። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ያለ አንድ ብልህ ልብስ ሰፊና አንዲት ልምድ ያላት አዋላጅ ለአንድ ሳምንት አብረው ቢቀመጡ፣ የላላውና የጠነከረው ማህፀን በመዳፍ የሚለይባት እናት ሰፍተው ይነሳሉ ብዬ አምናለሁ። አዋላጇ የት እንደሚጠጥር ትነግረዋለች፤ እንዴት እንደሚሰፋ እርሱ ያውቀዋል።

የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲም፣ የዞኑና የወረዳው ጤና ኃላፊዎችም ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። በወግዲም በቦረናም ወረዳ ባለው ጤና ጣቢያ ሁሉ አንዲት ኒዎናታሊ ከነአምቡ ባጓ በማዋለጃው ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ቁልፍ፣ ትቀመጥ። አዋላጇ ተራዋን ስትረከብ አሥር ደቂቃ ትለማመድባት። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ባልደረባዋ አብራት ተቀምጣ ያየችውን ትጠይቃት። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቁምሳጥን የሚከፍት ኃላፊ ይበቃል።